ከተለመደው ገበያ ወጣ ላላችሁ፦ የቱ ይሻላል?

ምግብና ዕቃ የምታገኙበትን መንገድ መቀየር ለምትፈልጉ ጥቂት አማራጮችን ላነጻጽር። እኔ አማራጮቹን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነገር ሲበላሽ ኪሳራው ማን ላይ ይወድቃል? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ የማደርገው የእርሻ አባልነትን ነው። አባላት የወቅቱን ድርሻ አስቀድመው ለገበሬው ይከፍላሉ። ከዚያ ማሳው የሰጠውን በየሳምንቱ ይካፈላሉ። ምርቱ ሲበዛ ድርሻቸው ይበዛል፤ በረዶ ሲመታው ወይም ተባይ ሲገባበት ይቀንሳል። ጃፓን ውስጥ በ1970ዎቹ ቴይኬ በሚል ስም ተስፋፋ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1986 ሁለት እርሻዎች ጀመሩት። ገበሬው የዘር መግዣውን ከአበዳሪ ሳይሆን ከሚበሉት ሰዎች ያገኛል። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ኪሳራውን ብቻውን ካልተሸከመ መሬቱን የሚያደክም አቋራጭ ለመውሰድም አይገደድም።

ግን ለሁሉም አይሆንም። የሚመጣላችሁን አትመርጡም። አንድ ዓይነት ቅጠል ለሳምንታት ሊደጋገም ይችላል። ለማብሰል ጊዜ የሌለው ሰው ግማሹን ይጥላል፤ እሱ ከጎረቤት ጋር አንድ ድርሻ ቢካፈል ይሻለዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ማሳውን ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ምርት ሲያንስ ከሌላ ቦታ ገዝተው ይሞሉ እንደሆነም ጠይቁ። መሙላቱ ነውር የለውም፤ ሳይናገሩ መሙላት ግን ነውር ነው።

ቀጥሎ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር። እንግሊዝ፣ ሮችዴል ውስጥ በ1844 የተመሠረተው ማኅበር ትርፉን ለአባላቱ ያከፋፍል የነበረው በገዙት መጠን ነው። ድምፅ ደግሞ ለአንድ ሰው አንድ። መምረጥ ለሚወዱና ቋሚ ወጪ ላላቸው ከእርሻ አባልነት ይልቅ ይሄ ይመቻል። ጠቅላላ ጉባኤው ባዶ አዳራሽ ከሆነ ግን ከተራ ሱቅ አይለይም። ስለዚህ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ስብሰባው ላይ ማን እንደሚመጣ እዩ።

ሠራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ማኅበር የሚያመርተውን ዕቃ ስትገዙም ያው ጥያቄ ይሠራል። በስፔን ባስክ ግዛት ያለው የእንዲህ ዓይነት ማኅበራት ስብስብ፣ ሞንድራጎን፣ ስመ ጥር ነው። ከአባል ማኅበራቱ አንዱ፣ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዕቃዎች አምራቹ ፋጎር፣ በ2013 ሲከስር ብዙ ሠራተኞች በእህት ማኅበራት ሥራ አግኝተዋል። ከኪሳቸው ያዋጡት ገንዘብ ግን በኪሳራው ጠፍቷል። ሁለቱንም ማወቅ ተገቢ ነው።

ለዕቃ ከሆነ ግን ከመግዛት በፊት ጥገና። አምስተርዳም ውስጥ በ2009 የተጀመረው የጥገና ካፌ ብዙ አገር ደርሷል። የተበላሸውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ራሳችሁ ትፈታላችሁ። ስልክ የግድ መቀየር ካለበት ለጥገና እንዲመች ተደርጎ የተሠራው ፌርፎን ጥሩ ነው፤ ባትሪውን ባለቤቱ ራሱ ይቀይረዋል። አሁን የያዛችሁት ስልክ የሚሠራ ከሆነ ግን እሱን አቆዩት። ስልክ በአካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጫና አብዛኛው የሚመጣው ሲመረት ነው።

ሰዎች በገንዘብ ፋንታ በሰዓት እየቆጠሩ አገልግሎት የሚለዋወጡበትን የጊዜ ባንክንም አትናቁ። የአንዱ አንድ ሰዓት ከሌላው አንድ ሰዓት እኩል ነው። ለማስጠናት፣ ሽማግሌ ለመጠየቅ፣ ለቀላል ጥገና ግሩም ነው። ለምግብ ግን አልመክረውም፤ ገበሬው በሰዓት ዘር አይገዛም።