ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞተር፦ 3ኛው ሲሊንደር አስቸገረኝ

መኪናዬ ትንሽ የቤንዚን መኪና ናት፤ 1.3 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ኢንጀክሽን። ጠዋት ስትነሳ ምንም አትልም። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ) መሪው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ትርገፈገፋለች። አርፒኤሙ (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ከ500 እስከ 800 ይዋዥቃል። ነዳጅ ስሰጣት ትረጋጋለች።

ካንዴላዎቹን (ነዳጁን የሚለኩሰውን የእሳት ብልጭታ የሚሰጡትን) በአዲስ ቀየርኩ፣ ትሮትል ቦዲውንም (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን) አጸዳሁ። ለውጥ የለም። በመመርመሪያ ማሽን ስትታይ ፒ0303 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣች፤ 3ኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው። የ3ኛውን ቦቢና (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠውን) እና ካንዴላ ከ1ኛው ጋር አቀያየርኩ። ኮዱን አጥፍቼ ስነዳ ግን ተመልሶ የመጣው እዚያው 3ኛው ላይ ነው። ስለዚህ ችግሩ የእሳት አይመስለኝም። ቫልቮቹ ከተስተካከሉ ቆይተዋል፤ ሲሞቅ ብቻ መምጣቱ እነሱን ያስጠረጥረኛል። ሞተሩን በግምት ማስፈታት አልፈልግም።

መጀመሪያ የ3ኛውን ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) ከሌላው ጋር ላቀያይር ወይስ ሞተሩ እንደሞቀ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን የእመቃ ግፊት) ላስለካ?