አዲስ ዲቴክተር አገኘሁ፤ ቀጭን የወርቅ ቀለበትን ከማስቲካ ወረቀት እንዴት ልለየው?

የከዚራ ልጅ ጠየቀ፦

ሰላም ጀመዓ! ድሬዎች፣ ሐረሮች፣ እንዴት ናችሁ?

የአክስቴ ልጅ ከጅዳ ሲመጣ ሜታል ዲቴክተር፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረታ ብረት የሚፈልግ ማሽን፣ አመጣልኝ። ኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ ይባላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የድሮ ሳንቲም እሰበስባለሁ። እስካሁን የማገኘው ከሰው እጅ እየገዛሁ ነበር። አሁን ራሴ ፈልጌ የማወጣበት ዕቃ እጄ ገባ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ለሙከራ ደቻቱ ወንዝ ወረድኩ። ክረምት ጎርፉ ሲያልፍ አሸዋው ይገላበጣል። በጋ ላይ ሰው ይሻገርበታል፣ ዕቃ ይዘረጋበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሳንቲም የሚወድቅበት ቦታ ካለ እዚያ ነው ብዬ ነው። ፀሐይዋ ሳትበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀመርኩ። ማሽኑ ግን ገና ስከፍተው ተንጫጫብኝ። የዕቃውን ዓይነት የሚጠቁመው ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አንዴ 4፣ አንዴ 96፣ አንዴ ጥፍት። ምንም በሌለበት አሸዋ ላይ ጭምር! ሴንሲቲቪቲውን (የመስማት ኃይሉን) ቀነስ ሳደርገው ረገብ አለ፤ ጨርሶ ግን አልተወም።

እንዲያም ሆኖ ባዶ እጄን አልተመለስኩም። ቆርኪ በሽ ነው። ሚስማርም፣ የቀበቶ ዘለበትም ወጣ። ከዳር በኩል፣ ጎርፉ አፈሩን ከቦረቦረው ቦታ ደግሞ አንድ የጃንሆይ አምስት ሳንቲም አገኘሁ። 1936 የሚለው ዓመት በግዕዝ ቁጥር ይነበባል፤ አንበሳውም ጥርት ብሎ ይታያል። እዚያው አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ ብዙ አየሁት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ። አንዲት ጎረቤት አሉን፣ እኔን አብረው ያሳደጉ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ሲያጥቡ የጋብቻ ቀለበታቸው ከጣታቸው ወልቆ ጠፋ። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን በሕይወት የሉም። ቀለበቱ 21 ካራት ነው፣ በጣም ቀጭን። ግቢው ግማሹ ሲሚንቶ፣ ግማሹ አፈር፣ አጥሩ ቆርቆሮ። «ልጄ፣ ያ ማሽንህ ያገኝልኝ ይሆን?» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

የእህቴን ቀጭን ቀለበት መሬት ላይ አድርጌ ሞከርኩ። 31 አሳየኝ። የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ ሞከርኩ። 30! ድምፁም ያው ነው። ታዲያ ማሽኑ ብልጭልጩን እንዲያልፍ ባዘው ቀለበቱንም ያልፈዋል ማለት ነው? መላ በሉኝ።

ሳቢያን ቴክኒክ መለሰ፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ፣ ጥሩ ዕቃ ነው የያዝከው።

መጀመሪያ ስለ መንጫጫቱ። ኮይሉ፣ ጫፉ ላይ ያለው መሬት የምትጠርግበት ክፍል፣ ወደ መሬት ማግኔታዊ ሞገድ ይለቃል፤ ያንተው በ12 ኪሎኸርዝ ነው የሚሠራው። ሞገዱ ብረታ ብረት ሲነካ ዕቃው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሳል። ማሽኑ የሚሰማው የዚያን ምላሽ ነው። የወንዝ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ጥቁር የብረት ብናኝ አለ። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለህ አሸዋው ላይ ጎትተው፣ ፂም አብቅሎ ታገኘዋለህ። ማሽንህ ያንን ሁሉ እየሰማ ነው የጮኸው።

ስለዚህ ከመጀመርህ በፊት ከመሬቱ ጋር አስተዋውቀው። ብረት የሌለበት ቦታ ፈልግ። የመሬት ማመጣጠኛውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። ኮይሉን ከመሬቱ አጠገብ ጀምረህ እስከ አንድ ስንዝር ከፍ ዝቅ አድርገው። ድምፁ ሲረጋ ልቀቅ። ከአሸዋ ወደ ቀይ አፈር ስትሄድ እንደገና አድርገው። ሴንሲቲቪቲ መቀነስ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ በቀነስክ ቁጥር ጥልቀት ታጣለህ። ሞባይልህንም ከኪስህ አውጣ። የመብራት መስመር ሥር ከሆንክ ማሽኑ ፍሪኩዌንሲ ማሸጋሸጊያ አለው፣ እሱን ሞክር።

ወደ ቀለበቱ ስንመጣ፣ አዎ፣ ያልፈዋል። ማሽኑ ወርቅ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ኤሌክትሪኩ ዕቃው ውስጥ እንዴት እንደሚዞር ብቻ ነው። ቀጭን ወርቅ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሌላ ብረትም ተቀላቅሎበታል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የአሉሚኒየም ብልጭልጭም እዚያው ሰፈር ነው። ትልቅ የብር ዕቃ ወደ 90 ስለሚጠጋ ብር ፈላጊ ብልጭልጩን ዘግቶ መሥራት ይችላል። ወርቅ ፈላጊ አይችልም። ሚስማርና የመሳሰለው ተራ ብረት የሚያርፍበትን ታችኛውን የቁጥር ክልል ብቻ ዝጋ። ከዚያ በላይ የጮኸውን ሁሉ ቆፍር። ግቢ ጠባብ ነው፣ አይከብድህም።

የምትረዳህ አንዲት ምልክት አለች። ደህና ቀለበት ክብ ስለሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ ብታልፍበት ቁጥሩ አይዋዥቅም። አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ እለፍበት፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ዞረህ እንደገና እለፍበት። የተጨማደደ ብልጭልጭ ብዙ ጊዜ 22፣ 30፣ 26 እያለ ይዘላል። ሁልጊዜ አይደለም፣ ግን ብዙ ጊዜ። ቀለበቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ቁጥሩ በጣም ስለሚወርድ የእህትህን 31 አትመን።

ቀስ እያልክ ሂድ። ኮይሉ መሬቱን ሊነካ ትንሽ ይቅረው፣ የሚቀጥለው ጠረጋህ ካለፈው ግማሹን ይሸፍን። ከቆርቆሮው አጥር አንድ ሜትር ራቅ። አጥሩ ሥር ያለውን አፈር ዝቀህ ወደ መሃል አምጣና ዘርግተህ ፈትሸው።

ገንደ ቆሬ ሰፈር መለሰ፦

አቦ ደቻቱ ላይ ምን ያደክምሃል? ሐርላ ሂድ! ከድሬ ቅርብ ነው። ሽማግሌዎቹ ግዙፍ ሰዎች የኖሩበት ከተማ ነው ይሉታል። ገበሬው ሲያርስ የድሮ ሳንቲም ያገኝ ነበር። እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖረኝ እኔ እዚያ ነበርኩ።

የብር ሠሪ ልጅ (ሐረር) መለሰች፦

ወንድሜ፣ ሐርላን ተዉት። እለምናችኋለሁ።

ሐርላ ላይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቁፋሮ የመሩት የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ናቸው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ወጥቷል። የመስታወት ጨሌ፣ ከባሕር የመጣ ዛጎል፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ የመጣ ሳንቲም ተገኝቷል። እኔን ከሁሉ የነካኝ ግን ጌጣጌጥ ይሠራበት የነበረው ቦታ ነው። ብርና ነሐስ፣ የከበረ ድንጋይም ይሠሩበት ነበር። አባቴም አያቴም ብር ሠሪዎች ናቸው። እኛ ዛሬ የምንሠራውን ሥራ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት እዚሁ ተራራችን ሥር የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህ የታወቀው አፈሩ ንብርብር በንብርብር ስለተነሳ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከምን ጋር እንደወጣ ስለተመዘገበ ነው። አንድ ሰው ማሽኑ የጮኸበትን ሁሉ በዶማ ቢነቅለው ሳንቲሙ ኪሱ ይገባል፤ የቦታው ታሪክ ግን ማንም ሳያነበው ይጠፋል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈር አይቻልም። ቤት ሲሠራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ድንገት ያገኘ ሰውም ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት። ጀጎልም እንዲሁ ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ግንቡ ሥር ማሽን ይዞ የሚመጣ ሰው እንዳላይ።

አሁን ላንተ የከዚራው። ሳንቲም ስለምትወድ ዓመቱ እንዳያሳስትህ። ያ 1936 የተፃፈበት ሳንቲምህ ከዚያ በኋላም የተመታ ሊሆን ይችላል፤ ዓመቱን ሳይቀይሩ ለብዙ ዘመን መትተውታል። ከዚያው ዓመት ባለ 50 ሳንቲሙ ከብር ነው፣ ባለ 25ቱ ከመዳብ ነው። ሰው 25ቱን ብር እየቀባ 50 ነው ስላለ በኋላ ጠርዙን አበባ አበባ አድርገው ሠሩት። የማርትሬዛ ብርም እንደዚያው ነው። ሁሉም ላይ 1780 ይላል፤ ግን በብዙ አገር፣ በብዙ ዘመን ተመትቷል። ጣሊያን ራሱ በ1935 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መምታት ጀምሯል። ክብደቱ ወደ 28 ግራም ነው፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር። እኛ ቤት ስንቱ ቀልጦ አምባርና አልቦ ሆኗል! ማርትሬዛ የሚመስል ነገር ካገኘህ ማግኔት አስጠጋው፤ ከሳበው ሐሰተኛ ነው። ሎሚና አመድ እንዳታስነካው። በውሃ አለቅልቀው፣ አድርቀው፣ በቃ።

ስለ ቀለበቱ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናታችን የልብስ እጣቢውን የት ነው የሚደፉት? ሳሙና ያወለቀው ቀለበት ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አይወድቅም። ሳፋው ውስጥ ይቀርና ከእጣቢው ጋር ይደፋል። እኛ ጋ ቀለበት ጠፋብኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሲኖር አባቴ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

ጡረተኛው ድሬ መለሰ፦

ልጄ፣ ስለ ሌላ ነገር ላስጠንቅቅህ። በነሐሴ 1969 እዚህ ድሬ ላይ ከባድ ውጊያ ነበር። ከዚያም ወደ ሐረር በኩል ወራት ፈጅቷል። እኔ ነበርኩበት። ቀለህ ብቻ አይደለም አፈር ውስጥ የቀረው። ከከተማ ወጣ ስትል ማሽንህ ትልቅ ብረት ነው ካለህና ሾጣጣ ወይም ክብ ነገር ካየህ እጅህን ሰብስብ። በዶማ አትምታው፣ አታገላብጠው፣ ፎቶ ለማንሳት እንኳ አታንቀሳቅሰው። ቦታውን ምልክት አድርግና ለፖሊስ ተናገር። የዛገ ነገር ሞቷል ብለህ አትመን። ጓደኛህ «ና እንክፈተው» ካለህም ጥለኸው ሂድ።

የከዚራ ልጅ መለሰ፦

ሁላችሁም አላህ ይስጥልኝ። አባቴ፣ ምክርህን ይዣለሁ፤ ከከተማ ውጭ አልወጣም። ሐርላም አልሄድም።

መሬቱን ሳመጣጥነው ማሽኑ ሌላ ዕቃ ሆነ። አሸዋው ላይ ዝም፣ ሳንቲም ላይ ብቻ ድምፅ! ግቢውን በሙሉ በገመድ እየከፈልኩ ጠረግኩት። አፈሩ ላይ የወጣው ብልጭልጭ፣ የጫማ ቀለበት፣ ባለ 10 ሳንቲም፣ የተሰበረ የጆሮ ጉትቻ ነው። ጉትቻዋ የልጃቸው ናት፤ እሷ ራሷ ረስታት ነበር።

እህቴ፣ ጥያቄሽ ልክ ነው። እጣቢውን የሚደፉት ጥግ ላይ ያለ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ክዳኑ ብረት ነው፣ ዙሪያው ሲሚንቶ ውስጥም ፌሮ አለ። ማሽኑ እዚያ ሲደርስ መጮህ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ሳቢያን ቴክኒክ መለሰ፦

እዚያ ማሽኑን ተወው፣ ፌሮው ሁሉን ይሸፍንብሃል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ውሃ እንዳይደፋበት። ክዳኑን አንሳ። ወርቅ ከባድ ስለሆነ ርቆ አይሄድም፣ መጀመሪያ ባገኘው ዝቃጭ ውስጥ ይሰምጣል። ዝቃጩን በጣሳ እየቀዳህ ከብረት ርቀህ ላስቲክ ላይ ዘርጋው፣ ውፍረቱ ከአራት ጣት አይብለጥ። ከዚያ ማሽኑን እለፍበት። ሰዎች የግንባታ አሸዋ የሚነፉበትን ወንፊት ተዋስና የጮኸውን ክፍል በውሃ አጣራ። ጓንት አድርግ።

የከዚራ ልጅ መለሰ፦

ተገኘ! ወላሂ ተገኘ! ላስቲኩ ላይ ማሽኑ 27 አለ፣ ዞሬ ስመጣም 27። ወንፊቱ ላይ ውሃ ስናፈስ ቢጫው ብቅ አለ። እናታችን እልልታውን ሲያቀልጡት ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ።

ቀለበቱ ግን ጠምሟል፤ እንቁላል ቅርፅ ሆኗል፣ ጣታቸው ላይ አልገባም። እህቴ፣ ቤት ውስጥ በፒንሳ ቀስ አድርጌ ላቃናው እችላለሁ?

የብር ሠሪ ልጅ (ሐረር) መለሰች፦

አልሐምዱሊላህ! እንባዬ መጣ።

ፒንሳ እንዳታስነካው። 21 ካራት ለስላሳ ነው፣ የፒንሳው ጥርስ ይበላዋል። ቀጭን ስለሆነ ደግሞ በጎኑ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ቁጥሩ ከጠበቅከው ዝቅ ማለቱም ያንን አስጠርጥሮኛል። ለወርቅ ሠሪ ስጠው። ሾጣጣ እንጨት ላይ አስገብቶ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ ያቃናዋል። ስንጥቅ ካለው በራሱ ካራት ወርቅ ይበይደው፣ በተራ መበየጃ ቆርቆሮ አይደለም። ከመስጠትህ በፊት እናታችን ፊት አስመዝነው፣ ስትቀበልም እዚያው ሚዛን ላይ አስቀምጠው። ጣታቸውንም ይዘሃቸው ሂድና ያስለኩ፤ ሰፍቷቸው ከሆነ የወለቀው፣ ትንሽ ይጥበብላቸው።