ስዊች ዩዘር ሲባል የሚንቀረፈፍ ዴስክቶፕ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ፣ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት። ዊንዶውስ 10፣ ራም 4 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ፤ ሦስት ሰው በየአካውንቱ ይሠራበታል። በስዊች ዩዘር ስንቀያየር ጥቁር ስክሪን ላይ 3 ደቂቃ ይቆማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ስዊች ዩዘር ወደ ሌላ አካውንት ያሻግራል እንጂ የፊተኛውን ሰው አይዘጋም፤ ክሮሙም ወርዱም ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚቀመጡበት ጊዜያዊ ማኅደር) ላይ እንደተከፈተ ይቀራል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ዲስክ ይገለብጣል፣ መንቀርፈፉ ከዚያ ይመጣል። በአድሚን አካውንት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ በሚመጣው ታስክ ማናጀር ላይ ‹ዩዘርስ› የሚለውን ክፈቱ፤ ማን ስንት ሜጋ ራም እንደያዘ ይታያል። የጨረሰ ሰው ሳይን አውት ይበል፤ ያኔ የከፈተው ሁሉ ይዘጋል።

መልስ፦ ልክ ነው፤ ግን እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100% ላይ ከተሰቀለ መጀመሪያ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ) ግዙ፣ 240 ጊጋ ይበቃል። ራም ከጨመራችሁ ዓይነቱ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 እዩ፤ የራሙ ጠርዝ ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

መልስ፦ እስከዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ (አካውንት ሲከፈት አብረው የሚነሡ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ላይ ቴሌግራምን ዲሴብል አድርጉ። በየአካውንቱ ግን ለየብቻ ነው!