በሰው ቤት ለሚሠሩ ልጃገረዶች፦ የጋራ ማመልከቻችን ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም እህት ወንድሞች። ቅዳሜ የተነጋገርነውን ይዤ የመጀመሪያውን ረቂቅ ጽፌያለሁ። እንዲህ ይጀምራል፦ «ማህበራችን በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ሰፈሮች የሚኖሩ 60 ልጃገረዶችን የትምህርት ቁሳቁስ፣ የንጽህና መጠበቂያና የልብስ ስፌት ሥልጠና በመስጠት ያበቃል።» በሁላችን ስም ለለጋሽ የሚገባ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ስለሆነ እጃችሁን አስገቡበት። ያልተዋጠላችሁን ሳትሳቀቁ ንገሩኝ። ጊዜያችን እስከ አርብ ማታ ነው።

የማታ ክፍል መምህርት፦
እህቴ፣ ለፍተሻል፣ እግዜር ይስጥልን። ግን እነዚህ 60 ልጆች እነማን ናቸው? ትምህርት ቤት ሄደን ስም ዝርዝር ከተቀበልን፣ የምናገኛቸው ትምህርት ቤት ያሉትን ነው። እነሱም ችግር አለባቸው፣ አልክድም። ሆኖም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባውንም፣ ዩኒፎርሙንም፣ ደብተሩንም የከተማው አስተዳደር ይዞታል። እኔን የምታሳስበኝ ማንም ዝርዝር ላይ የሌለችው ናት።

አንዷን ልንገራችሁ። ክፍሌ ውስጥ አለች። ዕድሜዋ 16 ነው። ከገጠር መጥታ በደላላ በኩል ሰው ቤት ገባች። ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ እሷ የምትደርሰው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ደብተሯ በፌስታል ተጠቅልሏል። አንጓዋ ላይ ሊጥ ደርቆ አያለሁ። ጣቶቿን በረኪና ስለበላቸው እርሳሱን በሁለት ጣቷ ጫፍ ነው የምትይዘው። ጥያቄ ስጠይቅ ግን እጇን ቀድማ የምታወጣው እሷ ናት። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ትነሳለች። «ቲቸር፣ እትዬ እንግዳ አለባቸው፣ ልሂድ» ትለኛለች። በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣች ጥሩ ሳምንት ነው። ለዚህች ልጅ ደብተር ብንሰጣት ምን ይለወጣል? ደብተርማ አላት። ያጣችው ሰዓት ነው።

ገንዘብ ያዡ፦
ልጄ፣ ልቤን ነካሽው። ግን ወደ ወረቀቱ ልመልሳችሁ። ለጋሽ ቁጥር ይፈልጋል። የስፌት ማሽን ይቆጠራል። «ሰዓት» ብለን በጀት ውስጥ እንዴት ነው የምናስገባው?

የማታ ክፍል መምህርት፦
ጋሼ፣ ይገባል። ቤት ለቤት የምትዞር፣ አሰሪዋን አነጋግራ ልጅቷን የምታስፈቅድ ሴት ክፍያ ሆኖ ይገባል። ነገሩ አዲስ አይደለም። «ብሩህ ተስፋ» የሚባለው ፕሮግራም በ2006 እ.ኤ.አ. መርካቶ አካባቢ ሲጀመር እንዲህ ነበር የሠራው። ከዚያው ከሰፈሩ የተመረጡ ሴቶች በር እያንኳኩ ትምህርት ቤት የማይሄዱትን ልጆች ፈለጉ። አሰሪንም ዘመድንም አሳመኑ። ልጆቹን በቡድን እየሰበሰቡ ፊደል፣ ጤናና የገንዘብ አያያዝ አስተማሩ። በኋላ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል። በር የምታንኳኳው ሴት ባትኖር እነዚያን ልጆች ማንም አያገኛቸውም ነበር።

ሲስተር (ከጤና ጣቢያ)፦
በዚህ ላይ ስለ ሞዴሱ ልጨምር። ረቂቁ የሚታጠበውን እንድንገዛ ነው የሚለው። እኔም እደግፈዋለሁ። የመቀሌዋ ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 እ.ኤ.አ. የዓመቱ የሲኤንኤን ጀግና የተባለችው የሚታጠብ ሞዴስ በማምረት ሥራዋ ነው፤ እናቷ ቤት ለምትኖር ተማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። ታጥቦ ፀሐይ ላይ መስጣት ግን አለበት። ሰው ቤት ያለች ልጅ ሞዴሷን በባለቤቶቹ ልብስ መሃል አትሰቅለውም። ታፍራለች። ፍራሽ ሥር ደብቃ ታደርቀዋለች፣ ሳይደርቅ መልሳ ታደርገዋለች፣ ከዚያ አሳክኳት እኔ ዘንድ ትመጣለች። ስንቷን አየሁ መሰላችሁ። ስለዚህ አሰሪ ቤት ለሚያድሩት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን፣ ከቤተሰባቸው ጋር ላሉት የሚታጠበውን እናድርግ። ወጪው ከፍ ይላል፣ አውቃለሁ። ከውጭ በሚገባው ሞዴስ ላይ የነበረው የጉምሩክ ቀረጥ ከ30 ወደ 10 በመቶ ወርዶም ዋጋው አሁንም ለነዚህ ልጆች አይቀመስም።

ሌላም አለ። በር የምታንኳኳዋ ሴት ክፉ ነገር ልታይ ትችላለች። የተደፈረች ልጅ ልታገኝ ትችላለች። በዚያን ሰዓት የት እንደምትወስዳት አስቀድማ ማወቅ አለባት። ጋንዲ ሆስፒታል ያለው ማዕከል ሕክምናውንም፣ ፖሊሱንም፣ ዐቃቤ ሕጉንም በአንድ ቦታ አሰባስቧል። ይህንን ሥልጠናው ውስጥ በግልጽ ጻፉልኝ። ልጅቷ ታሪኳን አራት ቦታ እየዞረች እንድትናገር አልፈልግም።

ከሜሪላንድ (አሜሪካ የምትኖር አባል)፦
እኔም እዚህ የመጣሁ ሰሞን ሰው ቤት ሞግዚት ሆኜ እየሠራሁ ነበር የምማረው። አሰሪዬ የኮሌጅ ሰዓቴን ከውላችን ላይ ጽፋልኝ ነበር። ሥራ ላይ ልቆይ ስል ራሷ «ክላስ አለሽ» ብላ ታስወጣኛለች። እኛስ ለምን አንድ ገጽ ስምምነት አናዘጋጅም? በሳምንት ስንት ሰዓት ነፃ እንደምትሆን፣ የትኛው ቀን እንደሆነ፣ ከደሞዟ እንደማይቆረጥ ይጻፍ። የማተሚያውንና የታክሲውን የመጀመሪያ ሦስት ወር ወጪ እዚህ ያለነው እንችላለን።

የሕግ ባለሙያው፦
ጥሩ ሐሳብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ማለትም 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ ነው የተወው። ባዶ ሜዳ ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሰሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ ጤናና ደኅንነት እንዲጠበቅ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓቱም እንዲታሰብለት አሰሪውን ያስገድዳል። ስለዚህ የአንድ ገጽ ስምምነቱ መሠረት አለው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልበል። ከ15 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት አናስፈርምም። ያንን ማድረግ ሥራውን ማጽደቅ ነው። እሷን በቀጥታ ከወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ጋር አገናኝተን ወደ ቀን ትምህርት እንመልሳት።

ለጋሼ ደግሞ፦ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪያችን ከገቢያችን 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ሰፈር የሚዞሩት ሴቶች ክፍያ ግን የፕሮግራሙ ሥራ ራሱ ነው፣ እዚያ ውስጥ አይገባም።

የካዛንቺሷ አባል፦
አንድ ነገር ላስታውስ። የረቂቁ የሰፈር ዝርዝር ካዛንቺስን ብቻ ይላል። የማውቃቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ ግን ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ተነስተው ገላን ጉራ ናቸው አሁን። ልጆቹ ወጥተው ሥራ የሚፈልጉት ግን መሃል ከተማ ነው፣ ትራንስፖርቱ ይበላቸዋል። ሁለቱንም ቦታ ካልጻፍን ግማሹን ሰው እናጣለን።

ጸሐፊዋ፦
ሁሉንም አነበብኩ። እንደገና ጽፌዋለሁ። «ያበቃል» የምትለዋን ቃል አወጣኋት፤ ምን እንደምናደርግ አትናገርም። አሁን እንዲህ ይላል፦

«በካዛንቺስ ዙሪያና በገላን ጉራ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና ትምህርት ያቋረጡ፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑ 40 ልጃገረዶችን ቤት ለቤት ፈልገን እናገኛለን። አሰሪዎቻቸውን አነጋግረን በሳምንት ቢያንስ ስድስት ነፃ ሰዓት በጽሑፍ እናስፈቅዳለን። በዚያ ሰዓት የማታ ትምህርት ወይም የእሁድ ከሰዓት ክፍል ይማራሉ።»

ከ60 ወደ 40 የወረድኩት በር ማንኳኳት ጊዜ ስለሚወስድ ነው። አምስት ሴቶች፣ ለእያንዳንዳቸው ስምንት ልጅ። ከስምንት በላይ ከሆነ ስማቸውን እንጂ ሁኔታቸውን አታውቀውም። ሞዴሱን ሲስተር እንዳለችው ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ስፌቱን ለሁለተኛው ዓመት አቆየሁት፤ ልጆቹ ራሳቸው ምን መማር እንደሚፈልጉ እስኪነግሩን ማሽን አንገዛም። መምህርት፣ የስምምነቱን ወረቀት ከሕግ ባለሙያው ጋር እስከ ሐሙስ ትጨርሱታላችሁ? ቋንቋው ቀላል ይሁን፣ ልጅቷ ራሷ ልታነበው ይገባል።

የማታ ክፍል መምህርት፦
እንጨርሳለን። እንደጨረስነው ይዤው የምሄደው እዚያች ልጅ እትዬ ቤት ነው። ክፉ ሴት አይደሉም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ገንዘብ ያዡ፦
በጀቱን በአዲሱ ረቂቅ መሠረት እያስተካከልኩ ነው፣ ነገ ማታ ትደርሳችኋለች። አንድ ነገር ደግሞ። እኔም ቤት ልጅ አለች። ዓመት ከስምንት ወር ሆናት። ዕድሜዋን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ዛሬ ቡና ስታቀርብ ጠየቅኳት፣ 17 ነው አለችኝ። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። ወረቀቱ ሲያልቅ ሁለት ኮፒ አድርገሽ ወደኔም አምጪው። መጀመሪያ እኔና ባለቤቴ እንፈርማለን።