ዕድሜያቸው ለገፋ የእድር አባላት ስልክ ላይ ምን ይጫን? (ሐዋሳ)

ታቦር_እድር፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ታቦር ክፍለ ከተማ ባለ አንድ እድር ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ 14 አባላትን ስልክ በአንድ ቅዳሜ ልናስተካክል ነው። ስልኮቹ ሁሉም አንድሮይድ ናቸው፣ አብዛኞቹ ልጆች ገዝተው የሰጧቸው። የሚፈልጉት በአማርኛ የሚነበብ ወይም የሚደመጥ ዜና፣ ስለ ጡረታና ስለ ፋይዳ መታወቂያ እርግጠኛ መረጃ፣ ደግሞ የጤና ነገር ነው። ሁለቱ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሦስቱ በሲዳሙ አፎ መስማት ይመርጣሉ። ዳታ በወር አንዴ ነው የሚሞላላቸው። ከየት እንጀምር?

ጠጋኙ፦
ከመጫን በፊት በማንሳት ጀምሩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስድስት ምልክት ይበቃል፦ ስልክ፣ መልእክት፣ ቴሌግራም፣ አንድ የዜና ገጽ፣ ካሜራ፣ ባትሪ መብራት። ሌላው ከገጹ ይነሳ እንጂ ከስልኩ አይጥፋ።

የፊደል መጠን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ስትገቡ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፤ ፎንት ሳይዝ ፊደሉን ብቻ ያጎላል፣ ዲስፕሌይ ሳይዝ ግን ምልክቱንም ቁልፉንም ሁሉንም ያጎላል። ሁለቱንም እስከ ጥግ ከገፋችኋቸው አንዳንድ የባንክ መተግበሪያ ላይ የማረጋገጫው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ይቀራል፣ ሰውየውም ስልኩ ተበላሸ ይላል። ፎንቱን ሁለት ደረጃ፣ ዲስፕሌዩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉና ቴሌብርን ከፍታችሁ እስከ መጨረሻው ሞክሩት። ቴሌግራም ለብቻው መጠን አለው፦ ቻት ሴቲንግ ውስጥ 16 ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ፣ 22 ወይም 24 አድርጉት።

በዕድሜ የገፋ ሰው ጣቱን ስክሪኑ ላይ ትንሽ ያቆያል። ስልኩ ይህን "ተጭኖ መያዝ" ብሎ ይቆጥረውና ምልክቱን ከቦታው ያነሳዋል፤ "አፑ ጠፋ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ተች ኤንድ ሆልድ ዲሌይ የሚለውን ሎንግ አድርጉት። መክፈቻውን በጣት አሻራ አታድርጉ፣ በሥራ ያለቀ ጣት ማሽኑ አያነበውም። ባለ ቁጥር ፒን ይሻላል።

ክሮም ላይ ደግሞ የግድ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ሴቲንግ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ገብታችሁ ዝጉት። ድረ ገጹ "ማሳወቂያ ልላክልዎ?" ሲል እሺ ብለው የተጫኑ አዛውንት ስልክ ቀኑን ሙሉ "ስልክዎ ቫይረስ ይዞታል" ሲል ይውላል። ቫይረስ የለም፤ ማስታወቂያ ነው። ከተፈቀዱት ዝርዝር ውስጥ የማታውቁትን ገጽ ስታስወጡት ወዲያው ጸጥ ይላል።

የሬዲዮ ወዳጅ፦
ዜናውን በጽሑፍ ብቻ አታስቡት፣ ዓይን ለደከመ ሰው ጆሮ ይቀድማል። የዶይቸ ቬለ አማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያሰራጭ ስለሆነ ለእነዚህ ሰዎች አዲስ ድምፅ አይደለም። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ያመለጠውን ዝግጅት በኋላ ከድረ ገጹ ማድመጥ ይቻላል። ለሚያነቡት ቢቢሲ አማርኛ ጥሩ ነው፣ አንቀጾቹ አጫጭር ናቸው። ጋዜጣ የለመዱት አዲስ ዘመንንና ሪፖርተርን በድረ ገጽ ያገኛሉ፣ ግን በትንሽ ስክሪን ጋዜጣ ማንበብ አድካሚ ነው፤ እኔ አልመክረውም። አንዱን ገጽ መርጣችሁ በክሮም ክፈቱት፣ ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ንኩና አድ ቱ ሆም ስክሪን በሉት። ከዚያ በኋላ አድራሻ መጻፍ የለም፣ አንድ ንክኪ ብቻ።

ስለ ዳታ ሂሳቡን ተመልከቱ። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚፈስ ድምፅ በሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይበላል። ቪዲዮ ከሆነ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። የወር ጥቅል በሳምንት የሚያልቀው በዜና ሳይሆን ፌስቡክ ላይ ራሱ በሚጀምር ቪዲዮ ነውና አውቶፕሌዩን ኔቨር አድርጉት።

ዳታ የማይነካ ሁለት መንገድም አለ። ስልኩ ኤፍ ኤም ካለው ባለ ሽቦ ማዳመጫ ሰኩበት፤ ሽቦው አንቴና ስለሆነ ያለ እሱ አይሠራም፣ ድምፁን ግን ወደ ስፒከር ማዞር ይቻላል። ሁለተኛው ቤት ያለው ዲሽ ነው። ሪሲቨሩ ሪሞት ላይ ቲቪ/ራዲዮ የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት የጣቢያዎቹ ዝርዝር ወደ ሬዲዮ ይለወጣል። ብዙ ቤት ይህን ቁልፍ በስሕተት ነክተው "ቲቪው ጠቆረ" ብለው ሠራተኛ ይጠራሉ! በሲዳሙ አፎ ለሚፈልጉት ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክን ፌቨሪት ውስጥ አስገቡላቸው።

የባንክ_ሰው፦
ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ ግን ቴሌግራምን ክፍት ትታችሁ እንዳትሄዱ። ፕራይቬሲ ውስጥ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባቸው እንደሚችልና ማን ሊደውል እንደሚችል አለ፤ ሁለቱንም ማይ ኮንታክትስ አድርጉ። ካላደረጋችሁ በሳምንቱ ገንዘብ እናባዛለን የሚል ግሩፕ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብሩ፤ የይለፍ ቃሉን እቤት ያለ ደብተር ላይ ይጻፉት፣ ስልኩ ሽፋን ውስጥ አይደለም።

አሁን በስልክ የሚመጣው ማጭበርበር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው "በስሕተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ" ነው። የደረሰው መልእክት የቴሌብር ይመስላል፣ ላኪው ግን ተራ የ09 ቁጥር ነው። መልእክቱን ሳይሆን ሂሳቡን እንዲያዩ አስተምሯቸው፦ *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብ ማየት። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ "ሽልማት ደርሶዎታል፣ ይህን ይደውሉ" ብለው በ*21* ወይም በ**21* የሚጀምር ቁጥር ያስደውሏቸዋል። ይህ ጥሪያቸውን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ያዞራል፣ በጥሪ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድም አብሮ ይሄዳል። *#21# ደውላችሁ ካያችሁ መዞሩን ይነግራችኋል፣ ##002# ሁሉንም ይሰርዛል። ቅዳሜ ዕለት 14ቱም ስልክ ላይ ይህን ሞክሩት።

ፒን የነገሩ ካሉ ቅድሚያ ፒኑ ይቀየር፣ ከዚያ ለቴሌብር 994፣ ለንግድ ባንክ 951 ይደውሉ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስልክ ማውጫው ውስጥ በስም መዝግቡላቸው። አጭበርባሪ ሲደውል ዘግተው ራሳቸው የሚደውሉበት ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል።

ታቦር_እድር፦
እግዜር ይስጥልን። ጡረታውና ፋይዳውስ? "ፋይዳዎን ከባንክ እናያይዛለን፣ ኮዱን ይንገሩን" የሚል ጥሪ ለብዙዎቹ ደርሷቸዋል።

የባንክ_ሰው፦
ኮድ በስልክ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ ለዚህ ልዩ ሁኔታ የለውም። ባንክ ቅርንጫፍ በአካል ሄደው ያያይዙ። የፋይዳ ምዝገባ ነፃ ነው። ሲመዘገቡ የሚሰጡት ስልክ ቁጥር የራሳቸው ይሁን፤ በልጅ ቁጥር የተመዘገቡ ሰዎች ኮዱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ላለ ልጅ ይሄድባቸውና መስኮት ላይ ቆመው ይቀራሉ። አሻራቸው የደበዘዘ እጃቸውን ታጥበው በቅባት ትንሽ አለስልሰው፣ ጠርገው ይቅረቡ። የዓይን ብሌንም ስለሚነሳ በአሻራ ብቻ አይቀሩም።

ጡረታ ላይ ግራ የሚያጋባው ተቋሙ ሁለት መሆኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩት በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት የነበሩት በ1268/2014 ይተዳደራሉ፤ አስተዳደሩም ድረ ገጹም ለየብቻ ነው። መጀመሪያ የቱ እንደሆኑ ሳይለዩ የሌላውን ማስታወቂያ አንብበው የሚደናገጡ ብዙ ናቸው። ፌስቡክ ላይ "ጡረታ ጨመረ" የሚል ሲመጣ በራሳቸው ተቋም ገጽ ላይ ከሌለ አይቁጠሩት።

ነርስ_ሐይቅዳር፦
ለጤና የተለየ አፕ አትጫኑ። ይልቅ ስልኩ ሳይከፈት የሚታየውን የድንገተኛ መረጃ ሙሉላቸው፦ የደም ዓይነት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ከነሚሊግራሙ፣ አለርጂ፣ የአንድ ልጅ ቁጥር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ቴሌግራም ላይ "ስኳርና ደም ግፊትን ከሥሩ የሚነቅል" እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት በተመለከተ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ ዋናው አደጋ የሐኪሙን ኪኒን እንዲያቆሙ መባሉ ነው። የግፊት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ራስ ምታት እስኪመጣ መጠበቅም አያዋጣም፤ ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። አጠራጣሪ መድኃኒት ካዩ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 ይጠቁማሉ።

ሐይቅዳር22፦
ማንም ያላነሳው፣ የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ ቀይሩት። ጂቦርድ (የጉግል መጻፊያ ቁልፍ ሰሌዳ) ላይም አማርኛ ጨምሩና ማይክሮፎኑን አሳዩአቸው፤ ሲናገሩ ይጽፋል። ዳታ መብራት አለበት፣ ጫጫታ ባለበት ደግሞ ይሳሳታል።

ጠጋኙ፦
በማይክሮፎኑ እስማማለሁ። ቋንቋው ላይ ግን ቆም በሉ፤ ችግር ሲመጣ የሚረዳቸው የጎረቤት ልጅ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ሜኑ ነው፣ በአማርኛው ይጠፋበታል። ራሳቸው የሚያነቡ ከሆነ ቀይሩት፣ ሰው የሚያስነካላቸው ከሆነ ተዉት።

ታቦር_እድር፦
አንዷ እናት ጋ ያለ ስልክ የተነካውን ሁሉ በእንግሊዝኛ እየጮኸ ያነባል፣ አንዴ ሲነካም አይከፍትም። ማጥፋቱስ?

ጠጋኙ፦
ቶክባክ (ለማያዩ ሰዎች ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ) በርቶባቸው ነው። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ 3 ሰከንድ ያህል ይዛችሁ ቆዩ። ካልጠፋ አክሰሰቢሊቲ ገብታችሁ አጥፉት፤ እስኪጠፋ ድረስ አንዴ መንካት መምረጥ ነው፣ መክፈት ሁለቴ በፍጥነት መንካት ነው፣ ወደ ታች ለመውረድ ደግሞ በሁለት ጣት ነው የሚሳበው።