እማዬ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ልታደርግ ነው፣ ሰርጀኑን ምን ልጠይቀው?

ልጇ ነኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እንቅርት ከወጣባት ቆይቷል፣ አሁን እያደገ መጥቶ ስትተኛ አንገቷን ይጫናታል፣ ሪፈር ተጽፎላት አዲስ አበባ አምጥቻት ሰርጀን አየን። ዶክተሩ አልትራሳውንዱንና በመርፌ የተወሰደውን ናሙና ውጤት አየት አደረገና "ይወጣል፣ ቀጠሮ ያዙ" አለን፣ በቃ። ውጭ ያለውን ሰልፍ ሳይ አልፈርድበትም። እማዬ ደግሞ ሐኪም ፊት ምንም ብትባል "እሺ የኔ ጌታ" ነው መልሷ፣ ቤት ስንገባ ነው "ድምፄ ይዘጋል ይላሉ፣ እውነት ነው?" የምትለኝ። ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ቀጠሮ ቀርቶናል። ምን ልጠይቅ? ጥያቄ ሳበዛ ቅር ቢለውስ ብዬ ደግሞ ፈራሁ፣ ነገ ቢላ የሚይዘው እሱ ነው።

የዋርድ ነርስ፦
አይዞሽ እህቴ። ቀዶ ጥገና ክፍል ነው የምሰራው። ቅር ቢለውም ጠይቂ፣ መብቷ ነው። ግን ጥያቄሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግቢና ገና ስትቀመጡ "ዶክተር፣ ሶስት ጥያቄ ይዘናል" በይው፣ የሚቀጥለውን ካርድ ካነሳ በኋላ ብትጀምሪ የሚሰማሽ የለም።

ከሁሉ በፊት ሙሉው ነው የሚወጣው ወይስ ግማሹ? በዪ። ሙሉው ከወጣ፣ ያበጠው ዕጢ (ታይሮይድ) ይሰራ የነበረውን ሆርሞን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ መውሰድ አለባት፣ ግማሹ ከሆነ ላያስፈልጋትም ይችላል። ስለዚህ ኪኒኑ እናንተ አካባቢ ይገኛል ወይ፣ የደም ምርመራውንስ የት ነው የምትከታተለው የሚለውን እዚያው ጨርሺ። ስለ ድምጿ የፈራችው ከንቱ አይደለም፣ የድምፅ ነርቮች ከእንቅርቱ ኋላ ነው የሚያልፉት፣ ከተነኩ ድምፅ ይሻክራል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ የማይመለስበትም አለ። "የድምፅ አውታሯ ቀድሞ ይታይላታል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። ሶስተኛው የሆርሞን ምርመራዋ ነው፣ ሆርሞኑ በዝቶ ከሆነ መጀመሪያ በመድኃኒት መረጋጋት አለበት። የማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ደግሞ "እርስዎ ነዎት የሚሰሩላት ወይስ ሬዚደንት?" ማለት ነውር የለውም፣ ሬዚደንት ገና ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም ነው። የስምምነት ፎርሙንም ሳይነበብላት እንዳትፈርም።

እኔም ተሰርቻለሁ፦
ነርሷ ያለችው ልክ ነው። እኔ ሙሉው ነው የወጣልኝ፣ ከዚያ ጣቶቼና ከንፈሬ ዙሪያ ይነዝረኝ ጀመር፣ ማንም አስቀድሞ ስላልነገረኝ ሽባ ልሆን ነው ብዬ ነበር። ለካ ካልሲየም ወርዶ ነው። ከእንቅርቱ ጋር የተጣበቁ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፣ ሲነኩ እንዲህ ያደርጋል፣ ስለዚህ ካልሲየሟ መቼ እንደሚለካ ጠይቂ። የወጣው ሥጋ ለባዮፕሲ፣ ማለትም ለላብራቶሪ ምርመራ ይላካል፣ ውጤቱን የት፣ መቼ፣ ከማን እንደምትወስዱ ሳታውቁ አገር እንዳትገቡ! ቁስሉ ከዳነ በቃ ብሎ የሚቀር ሰው አለ፣ ካንሰር የሚታወቀው ግን በዚያ ወረቀት ነው። የምትወስደውንም ሁሉ ንገሪው፣ አስፕሪንም ይሁን የደም ማቅጠኛ፣ የባህል መድኃኒቱም ሳይቀር፣ ፀበል ገብታ ያቋረጠችው ኪኒን ካለም አትደብቁ።

ከሜሪላንድ፦
እዚህ አሜሪካ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ግን የኛ ሰው "ልጄ ትነግረኛለች" ብሎ ይተወዋል። ልጅ ደግሞ ወላጁን ላለማስደንገጥ የሚያስፈራውን እየቀነሰ ነው የሚነግረው። አንቺም እዚያ በእማማ ፈንታ አትናገሪ፣ የድምጿን ጥያቄ ራሷ በአፏ ትጠይቀው፣ መልሱም ለሷ ይነገራት። በመጨረሻ "ዶክተር፣ የገባኝ እንዲህ ነው፣ ልክ ነኝ?" ብላ መልሳ ትንገረው፣ ያልገባት ካለ ያኔ ይታያል።

ልጇ ነኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ ነገር ብቻ፣ እማዬ ፆመኛ ናት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም። ኪኒኑ እንዴት ይሆናል?

የዋርድ ነርስ፦
ይሄን ሳትጠይቂው እንዳትወጪ። ኪኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ነው የሚወሰደው፣ ግን ማታ ከእራት ሶስት ሰዓት ያህል ቆይቶ የሚታዘዝላቸውም አሉ፣ እሱ ይወስን። ካልሲየም አብሮ ከታዘዘላት ቢያንስ በአራት ሰዓት ይራራቁ፣ ካልሆነ ኪኒኑን አያሰራውም። እና ከኦፕራሲዮኑ በኋላ፣ በተለይ የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት፣ አንገቷ በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ጠዋት ሐኪሞቹ ለራውንድ እስኪዞሩ አትጠብቂ፣ ተረኛዋን ነርስ ወዲያው ጥሪ፣ ካልመጣች ጮኸሽ ጥሪ።