ለሊቲየም ባትሪ አጭር ብሎን ወይስ ስታድ?

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። መብራት ሲጠፋ የሱቄን ፍሪጅ የሚያሰራልኝ ባትሪ እየገጣጠምኩ ነው። በዚህ ሙቀት ቀዝቃዛ ውሃ ካልሸጥኩማ ሱቁን ብዘጋው ይሻላል።

4 የሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴሎች አሉኝ። እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ናቸው። በተከታታይ አስሬ 12.8 ቮልት አደረግኳቸው። የባትሪውን ኃይል ለፍሪጁ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር 1000 ዋት ነው፤ ሙሉ ሲጫን ከ80 አምፒር በላይ ይስባል። የሴሎቹ ጫፍ አሉሚኒየም ነው፣ የኤም 6 (የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን) ጥርስ ያለው ቀዳዳ አለው። ጥልቀቱን በስቴኪኒ ለካሁት፤ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ማገናኛው 2 ሚሊ ሜትር መዳብ ነው።

መጀመሪያ እዚሁ ታይዋን ገበያ የገዛሁትን 16 ሚሊ ሜትር ብሎን በሁለት ሮንዴላ አሰርኩ። ጥብቅ አለልኝ። ፍሪጁ 20 ደቂቃ ሳይሰራ ግን አንዱ መዳብ እጅ አላስነካ አለ። ለካ ብሎኑ የቀዳዳውን ወለል ነክቶ ነው የቆመው፤ መዳቡ ከላይ በጣት ይዞራል!

ብሎኖቹን በመጋዝ ወደ 10 ሚሊ ሜትር አሳጠርኳቸው። አሁን ደግሞ ጥርስ ውስጥ የሚገባው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ። በ10 ቁልፍ ትንሽ ጨመር ሳደርግ የአንዱ ሴል ጥርስ ተላጠ። ቶርኖ ቤት "በስተን እናስፋው" አሉኝ፤ ከስሩ ሴሉ ስላለ እምቢ አልኩ። ምትክ ሴል አዝዣለሁ።

አንድ ጓደኛዬ ጭንቅላት የሌለው ስታድ እስከ ታች አስገብቼ ከላይ በዳዶ እንዳስር መከረኝ። የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ ቁልፍ የለኝም። ሞክራችሁ የምታውቁ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ አሉሚኒየም 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይሻለኛል ወይስ ስታድ ከነዳዶው?